ለምን ሦስት አልሆነም?

ሐምሌ ነው ቤርሳቤህ፤ ከሰዓት፣ ዘጠኝ፤
ማቀዝቀዣው ያጓራል፣ ቅዝቃዜ ግን አይሰጠኝ።
የዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ክፍል ሰባት፤
ሁለት ወንበር፣ አንድ ሰዓት፣
ግድግዳው ላይ መስታወት።
ከመስታወቱ ጀርባ መምህሬ ኒራ ተቀምጣለች፤
እኔ አላያትም፤ እሷ ታየኛለች፤
ስንቴ እንዳቋረጥሁ፣ ስንቴ እንደመከርሁ ትቆጥራለች።
ልምምድ ላይ ነኝ ገና፣ ስድስተኛ ወሬ፤
በእናቴ ቋንቋ ነው የምሠራው ዛሬ።

አቶ እንየው ገቡ፤ የገበያ አዳራሽ የሌሊት ጥበቃ፣
ስኳራቸው ሲለካ ሦስት መቶ የነካ።
"ጤና ይስጥልኝ" አሉ፣ ቆመው፣ ወንበሩን ሳይነኩ፤
ሰላምታ ይሁን አቤቱታ፣ አልገባኝም ልኩ።

"'አሰልጣኝ ናት' አሉኝ፤
ጉልበቴ ከድቶኛል ልጄ፤ ኳስ ነው የምታጫውቺኝ?"
ሳቅሁ። ከመስታወቱ ጀርባም የሳቀ ሰው ያለ መሰለኝ፤
ኒራ አማርኛ አታውቅም፤ በሳቄ ነው የሳቀችልኝ።

"በይ እዘዢኝ" አሉ። "ዶክተሩ ያዝዛል፤
ነርሷ ትቆጣለች፤ ወረቀት ይሰጣል፤
ዳቦ ተው፣ ሩዝ ተው፣ ተራመድ፣ ውኃ ጠጣ፤
ያንቺስ ምንድን ነው፣ ምክር ነው ወይ ቁጣ?"

ምላሴ ላይ ነበር ምክሩ ተደርድሮ፣
ስለ ጨው፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ኑሮ፤
ዋጥሁት። የስድስት ወር ትምህርቴ ይኸው ነው፤
የሚያውቁትን መዋጥ፣ ሌላው ሰው እስኪያውቀው።

የተጻፈልኝን አነበብሁ፣ ከዕብራይስጥ መልሼ፣
መንገድ ላይ ግማሹን አፍስሼ፦
"ከአንድ እስከ አስር ባለው፣ ኑሮዎን ለመቀየር
ምን ያህል ዝግጁ ነዎት?"
"ሰው ይቆጠራል እንዴ? እንደ ከብት? እንደ ብር?"

ዝም አልሁ።
ዝም አሉ።
በኛ ቤት ዝምታ አክብሮት ነው፤ በትምህርቱ ግን ስልት፤
የትኛውን ዝም እንዳልሁ እኔም አላወቅሁት።

"አራት" አሉ በመጨረሻ፣ ዋጋ እንደሚከራከር ሰው፤
"አራት፤ ከዚያ አልጨምርም፤ ከፈለግሽ ጻፊው።"

"ለምን አስር አልሆነም?" ሁሉም የሚላቸው ይህን ነው፤
ነርሷም፣ ልጃቸውም፣ የኔም ልብ የሚለው፤
መጽሐፉ ግን ያዝዛል ጥያቄውን እንድገለብጠው፦
"ለምን ሦስት አልሆነም፣ አቶ እንየው?"

አዩኝ።
የግድግዳው ሰዓት ጮኸ፤ ወይም ድሮም ይጮህ ነበር።
ከዚያ ጫማቸውን አዩ፤ ጀመሩ መናገር።

"ታናሼ አለ፣ ታረቀኝ፣ ኪርያት ጋት የሚኖር፤
ባለፈው ፋሲካ ግራ እግሩ ተቆረጠ፣ በስኳር።
ሳምንት ሲቀረው ጫማ ገዝቶ ነበር፣
ቡናማ፣ ቆዳ፣ የሠርግ ጫማ፤
ቀኙን ያደርገዋል፤ ግራው ምን ይሁን? ለማን ይስማማ?
'ያንተ ልክ ነው' ብሎ በፌስታል ሰጠኝ፤
አልጋዬ ሥር አለ፣ ሳይነጋ ስገባ አፍጥጦ የሚያየኝ።
አንድ ቀን ለካሁት፤
ሚስቴ እንዳትሰማ፣ በካልሲ አጠለቅሁት።
ልክ ነው።
ለዚህ ነው ሦስት ያልሆነው።"

እስክሪብቶዬ ቆመ። ቅጹ ለጫማ ቦታ የለውም፤
"ግብ"፣ "ቀን"፣ "ፊርማ" ይላል፤ ሌላ አይልም።

"አዳራሹን በሌሊት አራቴ እዞራለሁ፣ በወረቀት፤
እውነቱን ግን አንዴ ነው፤
ሌላውን በካሜራ፣ ተቀምጬ፣ በቀኝ እጄ ብስኩት።
ሁለቴ እዞራለሁ። ጻፊ። አራት ግን አትበዪ፤
ሐሰት አታስፈርሚኝ፣ ልጄ፣ አስተውዪ።"

ጻፍሁ፦ ሁለት ዙር።
በሩን ይዘው ዞሩ፦
"አንቺስ ስንት ነሽ፣ ከአስሩ?"
"ስድስት" አልሁ ሳላስብ፤ "ለምን አምስት አልሆነም?" ሳይሉኝ ወጡ፤
በመስታወቱ ውስጥ የገዛ ዓይኖቼ እኔው ላይ አፈጠጡ።

ኮሪደር ላይ አየኋቸው፣ አሳንሰር ጠርተው ሲጠብቁ፤
ደረጃው አጠገባቸው ነው፤ ዘወር ብለው እንኳ አላዩት።
ልጠራቸው ከፈትሁ አፌን፤ ዘጋሁት።
ሁለት ዙር ነው ቃላቸው፤
ደረጃ አልጨመሩበት።